እንባ ጠባቂ የሕዝብን አቤቱታ እንዴት ይመረምራል?



አንዲት እናት የታመመ ልጇን አዝላ ከንጋት ጀምራ ክሊኒክ ተሰለፈች እንበል። ተራዋ ሲደርስ «ካርድሽ አልተገኘም፣ ነገ ነይ» ተባለች። በነጋታው ስትመጣ «መድኃኒቱ አልቋል» አሏት። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ጎረቤቷ ያንኑ መድኃኒት ይዛ አየች። ይህች እናት ለማን አቤት ትበል? ብዙዎቻችን «እግዚአብሔር ያያል» ብለን ዝም እንላለን፣ ወይም ቡና ላይ እናማለን። ሁለቱም ለልጁ መድኃኒት አያመጡም። የሚያስፈልገው ሁለቱንም ወገን ሰምቶ፣ መዝገብ አገላብጦ እውነቱን የሚያወጣ ሰው ነው። በብዙ አገሮች ይህን ሥራ የሚሠራው አካል «የሕዝብ እንባ ጠባቂ» ይባላል።

የእንባ ጠባቂ አመጣጥ

በአውሮፓ «ኦምቡድስማን» የሚለው ቃል የስዊድን ሲሆን ትርጉሙ ወኪል ማለት ነው። የስዊድን ንጉሥ 12ኛው ካርል በ1709 (እ.ኤ.አ.) በፖልታቫ ጦርነት በሩሲያ ተሸንፎ በቱርኮች ግዛት በስደት ተቀመጠ። አገር ቤት ያሉት ሹማምንት በሕግ መሠረት መሥራታቸውን የሚቆጣጠርለት ወኪል የሾመውም በ1713 እዚያው ስደት ላይ ሆኖ ነው። በ1809 ደግሞ ከንጉሡ ወኪል ሌላ ፓርላማው የሚመርጠው የሕዝብ ወኪል ተቋቋመ።

በዓረብ አገሮችም ከጥንት ጀምሮ «ዲዋን አል መዛሊም» የሚባል የተበደሉ ሰዎች አቤቱታ የሚሰማበት ችሎት ነበር። በአገራችን በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እንዲቋቋም ደነገገ። ተቋሙም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ተመሠረተ። ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።

ምርመራው የሚካሄድባቸው ደረጃዎች

1. አቤቱታውን መቀበል። በኢትዮጵያው ሕግ አቤቱታ በጽሑፍም በቃልም ይቀርባል። ባለጉዳዩ ራሱ መምጣት ካልቻለ ባል ወይም ሚስት፣ ቤተሰብ ወይም ወኪል ሊያቀርብለት ይችላል።

2. ማጣራት። እንባ ጠባቂ ሁሉን ነገር አይመረምርም። በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ፣ በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት የወሰነው እና የአገር መከላከያና ጸጥታን የሚመለከት ውሳኔ ከሥልጣኑ ውጭ ናቸው። በአሠራርም «በቅድሚያ ለበደለህ መሥሪያ ቤት አመልክተሃል? ምን መለሱልህ?» ብሎ ይጠይቃል።

3. ሁለቱን ወገን መስማት። መርማሪው የመሥሪያ ቤቱን መልስ ይጠይቃል፣ ምስክር ይሰማል፣ መዝገብ ያያል። በእናቲቱ ጉዳይ የሚያየው የበሽተኞችን መዝገብና በመድኃኒት መደብር «ቢን ካርድ» የሚባለውን የገቢና ወጪ ካርድ ነው። ካርዱ መድኃኒቱ በዚያ ቀን እንደነበረ ካሳየ «አልቋል» የተባለው ሐሰት ነው። ጎረቤቷ መድኃኒቱን የወሰደችው ከሁለት ቀን በፊት ሆኖ ከተገኘ ግን ሠራተኛው ከሐሜት ነፃ ይወጣል። ምርመራ የተበደለውን ብቻ ሳይሆን ያለ ጥፋቱ የተከሰሰውንም ይጠብቃል።

4. ማስማማት። ስሕተት ከተገኘ በቅድሚያ ጉዳዩ በስምምነት እንዲያልቅ ይሞከራል፤ ካርዱ ይስተካከላል፣ ይቅርታ ይጠየቃል፣ ልጁ ይታከማል።

5. የመፍትሔ ሐሳብ መስጠት። ስምምነት ካልተገኘ መርማሪው ያገኘውን ጽፎ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊና ለአቤቱታ አቅራቢው ያሳውቃል። እንባ ጠባቂ ዳኛ አይደለም፤ ፍርድ አይፈርድም። ጉልበቱ በማስረጃውና ለምክር ቤቱ በሚያቀርበው ሪፖርት ላይ ነው።

በሕክምና ጉዳይ አንድ ልዩነት ማወቅ ይጠቅማል። ያለ ምክንያት መመለስ፣ ገንዘብ መጠየቅ፣ መሰደብ፣ ካርድ መጥፋት የአስተዳደር በደሎች ናቸው። «ሐኪሙ ይህን መርፌ ከሚሰጠኝ ያንን ቢሰጠኝ ኖሮ» የሚለው ግን የሙያ ጉዳይ ስለሆነ ሌላ ባለሙያ ማየት አለበት። በእንግሊዝ አገር በ1973 (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረው የጤና እንባ ጠባቂ እንኳ የሐኪሞችን የሙያ ውሳኔ መመርመር የተፈቀደለት በ1996 ነው።

እኛ ባለንበትስ?

የኢትዮጵያው እንባ ጠባቂ ሥልጣን በሱዳን ምድር አይሠራም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንም (ዩኤንኤችሲአር) ኦምቡድስማን ቢኖረው የሚያየው የራሱን ሠራተኞች የሥራ ጉዳይ ነው። መንገዱ ግን ያው ነው። አገልግሎትን የሚመለከት ቅሬታ በቅድሚያ ለክሊኒኩ ኃላፊ ይነገራል። ካልተፈታ በስደተኞች ኮሚቴ በኩል፣ ወይም በቀጥታ ለጥበቃ ክፍል ሠራተኞች ይቀርባል። ማንም ሠራተኛ ለእርዳታ ገንዘብ ወይም የግብረ ሥጋ ግንኙነት ከጠየቀ ግን ጉዳዩ በዚያው ሰው ወይም በወዳጆቹ በኩል ማለፍ የለበትም። የከፍተኛ ኮሚሽኑን ሠራተኞች ጥፋት የሚመረምር የኢንስፔክተር ጄኔራል ጽሕፈት ቤት አለ፤ ጉዳዩንም በምሥጢር ይይዛል። የከፍተኛ ኮሚሽኑ እርዳታ ሁሉ በነፃ የሚሰጥ ነው።

አንድ ነገር እናስተውል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከካርቱምና ከወድ መደኒ የተፈናቀለ ብዙ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ገብቷል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በገዳሪፍ ኮሌራ ገብቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ መድኃኒት ሊያልቅ ይችላል። እጥረት ብቻውን በደል አይደለም፤ ያለውን ሸሽጎ ለዘመድና ለወዳጅ መስጠት ግን በደል ነው። ሁለቱን የሚለየው ምርመራ ነው።

አቤቱታ ሲቀርብ

«እዚያ ክሊኒክ ሰው አያከብሩም» የሚል አቤቱታ አይመረመርም፤ መርማሪው ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። «ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ በመድኃኒት መስጫው መስኮት፣ ማዘዣ ይዤ ሄጄ አልቋል ተባልኩ፤ አብራኝ የነበረች ጎረቤቴ ሰምታለች፤ የምጠይቀው ልጄ እንዲታከምና ምክንያቱ እንዲነገረኝ ነው» የሚል ግን ይመረመራል። ስለዚህ፦

— ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ። የሠራተኛውን ስም ካላወቃችሁ የትኛው መስኮት እንደሆነ ግለጹ።
— ያያችሁትን ከሰማችሁት ለዩ።
— የምትፈልጉትን መፍትሔ በግልጽ ንገሩ።
— የካርዱንና የማዘዣውን ቅጂ ስጡ፤ ዋናውን ከእጃችሁ አታውጡ።
— አቤቱታውን ማን በየትኛው ቀን እንደተቀበላችሁ መዝግቡ።
— መጻፍ የማይችል በሚያምነው ሰው ያስጽፍ፤ ጣቱን ከማስፈረሙ በፊትም ይነበብለት።

ከሁሉ በፊት ግን ልጁ በጠና ከታመመ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ሰውነቱ ከተንዘፈዘፈ፣ መጀመሪያ ሕክምና እንዲያገኝ በዚያው ቦታ ጮሃችሁ ኃላፊ አስጠሩ። አቤቱታው በማግሥቱ ይደርሳል።

ያቺ እናት ቀኑንና የተባለችውን በቁራሽ ወረቀት ላይ ብታስጽፍ ኖሮ መርማሪው ያንን ይዞ የዚያን ቀን ቢን ካርድ ማየት ይችል ነበር። ለሌሎች ልጆችም የሚተርፈው ይኸው ነው።