ነፍሰ ጡር ሆነው ቤት ሊቀይሩ ነው? ከዕቃው በፊት ክትትልዎን ያዛውሩ

ቤተሰብ ሲሰፋ ቤት ይጠባል። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ልጅ መምጣቱ ሲታወቅ ብዙ ወላጆች ሰፋ ያለ ቤት ፍለጋ ይወጣሉ። አንዳንዱ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ይደርሰዋል፣ አንዳንዱ ኪራይ ይጨመርበታል፣ አንዳንዱ ደግሞ በሥራ ዝውውር ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ እርግዝናና ቤት መቀየር ሲገጣጠሙ የቤተሰቡ ሐሳብ በሙሉ ዕቃው ላይ ይወድቃል። ከጤና አንጻር ግን ከባዱ ነገር አልጋውና ፍሪጁ አይደለም። ከባዱ ነገር የሚያውቅዎትን ጤና ጣቢያ፣ መዝገብዎን የያዘውን ባለሙያና ሌሊት ምጥ ቢመጣ በሩን የሚያንኳኩለትን ጎረቤት ትተው መሄድዎ ነው።

በእናቶች ጤና ትምህርት «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚባል ነገር አለ። አንደኛው ወደ ሕክምና ለመሄድ በመወሰን መዘግየት፣ ሁለተኛው ጤና ተቋም ለመድረስ መዘግየት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት ነው። መዳን ይችሉ የነበሩ እናቶች የሚሞቱት ብዙ ጊዜ በእነዚህ መካከል በሚባክነው ሰዓት ነው። ቤት መቀየር ሦስቱንም ሊያረዝም ይችላል። በአዲሱ ሰፈር የሚያማክሩት ሰው አይኖርም፤ መንገዱን አያውቁትም፤ የሚቀበልዎት ባለሙያም ስለ እርስዎ ምንም መረጃ የለውም።

ካርዱ ከዕቃው ጋር አይጫንም

ከመልቀቅዎ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው ክትትል ለሚያደርጉበት ተቋም እንደሚዛወሩ ይንገሩ። የክትትል ካርድዎን ቅጂ ወይም ታሪክዎን የሚገልጽ የዝውውር ወረቀት እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። በሞባይልዎ ፎቶ ያንሱት፤ ባለቤትዎም ስልክ ላይ ይኑር። ዋናውን ወረቀት በሚይዙት ቦርሳ ውስጥ እንጂ በካርቶን ውስጥ አያስቀምጡት።

ይህ ወረቀት ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል? የደም ግፊትን እንውሰድ። አዲሱ ጤና ጣቢያ ሲለካዎ 130/85 ቢያገኝ ብዙም ላያሳስበው ይችላል። ባለፉት ወራት ግን 100/60 እንደነበር ካርዱ ላይ ካየ፣ ግፊቱ እየወጣ መሆኑን ተረድቶ በቅርብ ይከታተልዎታል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣው የእርግዝና ደም ግፊት መጀመሪያ ላይ ምንም ስሜት ላይኖረው ስለሚችል፣ የቀድሞው ልኬት ትልቅ ዋጋ አለው።

የመጀመሪያው አልትራሳውንድም እንዲሁ ነው። የእርግዝናን ዕድሜ በተሻለ ትክክለኛነት የሚናገረው በመጀመሪያዎቹ ወራት የተነሳው ነው፤ በመጨረሻዎቹ ወራት የሚነሳው በሁለትና በሦስት ሳምንት ሊሳሳት ይችላል። ምጥ ያለ ጊዜው መጣ ወይስ ቀኑ አለፈ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ፣ ያ የመጀመሪያው ወረቀት ከሌለ ውሳኔው በግምት ይሆናል።

የደም ዓይነትዎ አር ኤች ኔጌቲቭ ከሆነ (በተለምዶ የሾተላይ ሥጋት የሚባለው) በ28ኛው ሳምንት አካባቢ፣ እንዲሁም የሕፃኑ ደም ፖዘቲቭ ሆኖ ከተገኘ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ አንቲ-ዲ የተባለ መርፌ አለ። የሚያዋልድዎት ተቋም ይህን አስቀድሞ ካላወቀ ሰዓቱ ሊያልፍ ይችላል። ከዚህ ሌላ የኤች አይ ቪ፣ የቂጥኝና የጉበት ቫይረስ (ሄፓታይተስ ቢ) ምርመራ ውጤት፣ የደም ማነስ ምርመራና የወሰዱት የቴታነስ ክትባት ብዛት በወረቀቱ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ። ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና ወልደው ከሆነም በግልጽ ይጻፍ፤ በዚህ ጊዜ የሚወልዱበት ቦታ ቀዶ ሕክምና መስጠት የሚችል ሆስፒታል መሆን አለበት።

በእርግዝና ወቅት ቢያንስ 8 ጊዜ መታየት ይመከራል፤ ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ የሚውሉት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። በዚያ ጊዜ «ቤቱ ይደራጅና እሄዳለሁ» ብሎ አንድ ወር ማሳለፍ ሁለት ቀጠሮዎችን መዝለል ነው።

መቼ ይሻላል?

ምርጫ ካለዎት ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ያለው ጊዜ ይመረጣል። ማቅለሽለሹ ቀለል ይላል፣ ሆዱም ገና እንቅስቃሴን አያግድም። 9ኛው ወር ላይ ከሆኑ ግን አከራዩን ለምኖ ጥቂት መቆየት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በሥራ ሕጉ ለአባት የሚሰጠው የወሊድ ፈቃድ 3 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ዕቃ ማጓጓዙን በእሷ ላይ ማቀድም አያዋጣም።

በመጫኛው ቀን

እርግዝና መገጣጠሚያዎችን ያላላል፣ የሰውነትንም ሚዛን ወደ ፊት ይስባል። ስለዚህ ከባድ ካርቶን አያንሱ፤ መጋረጃ ለመስቀልም መሰላል ላይ አይውጡ። ሆድዎ ላይ ቢወድቁ ወይም ሆድዎ ቢመታ፣ ምንም ባይሰማዎትም በዚያው ቀን ይታዩ፤ የእንግዴ ልጅ ያለ ጊዜው ሊላቀቅ ይችላል። መኪና ውስጥ የታችኛው ቀበቶ ከሆድ በታች ዳሌ ላይ፣ የላይኛው ደግሞ በጡቶች መካከል ይለፍ። መንገዱ ረጅም ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ወርደው ይራመዱ፤ ረጅም ሰዓት መቀመጥ እግር ላይ የደም መርጋት ሊያስከትል ይችላል።

አዲሱን ቤት ሌላ ሰው ቢያጸዳው ይመረጣል። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ማደባለቅ ለማንም አደገኛ የሆነ ጋዝ ይፈጥራል። ቀለም ከተቀባ ወይም የትኋንና የበረሮ መድኃኒት ከተረጨ፣ ቤቱ መስኮቱ ተከፍቶ በደንብ እስኪናፈስ ድረስ አይግቡ። አሮጌ ቀለም መፋቅም የነፍሰ ጡር ሥራ አይደለም፤ በአቧራው ውስጥ እርሳስ (ሌድ) ሊኖር ይችላል። አዲስ ቤት ይቀዘቅዛል ብሎ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ ማደር ደግሞ በፍጹም አይገባም። ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል፤ ፅንሱን ከእናቱም ይበልጥ ሊጎዳው ይችላል። ይህ ለአራስ ቤትም ይሠራል።

ከደጋ ወደ ቆላ የሚዛወሩ ከሆነ ወባን ያስቡ። ደጋ ያደገ ሰው ለወባ የተለማመደ ሰውነት የለውም፣ በእርግዝና ጊዜ ደግሞ በሽታው ይበረታል። ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ አጎበር ውስጥ ይተኙ፤ ትኩሳት ከያዘዎት ሳይዘገዩ ይመርመሩ።

አዲሱ ሰፈር እንደገቡ

ዕቃው ገና ባይፈታም በመጀመሪያው ሳምንት ወደ አዲሱ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመዝገቡ። መንገዱን በእግርም በመኪናም ይሞክሩት፤ ሌሊት የትኛው በር ክፍት እንደሆነ ይጠይቁ። የአምቡላንስ ቁጥር በሩ አጠገብ ይለጠፍ፤ አዲስ አበባ ከሆኑ 907 ወይም 939 ይደውላሉ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የብሎክና የቤት ቁጥርዎን፣ በቅርብ ያለውንም ታዋቂ ቦታ አብረው ይጻፉ፤ ሰው ሲደነግጥ አዲስ አድራሻ ይጠፋበታል። ቢያንስ ከአንድ ጎረቤት ጋር ይተዋወቁ፤ ምጥ ሌሊት ከመጣ ትልቁን ልጅ የሚይዘው ማን እንደሆነ ከአሁኑ ይወስኑ። የሰፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ያግኙ። አዲስ የገባ ቤተሰብ በመዝገቧ ላይ ስለማይኖር፣ ከወሊድ በኋላ ልትጎበኝዎት የምትችለው እንዳሉ ካወቀች ነው።

ደም ከፈሰሰ፣ ሽርት ውሃ ከመጣ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለ፣ ፊትና እጅ ካበጠ፣ ከፍተኛ የሆድ ሕመም ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ የሚያንቀጠቅጥ ነገር ከተከሰተ፣ አዲሱን ተቋም ባያውቁትም ወዲያውኑ ይሂዱ። «የቀድሞው ሐኪሜ ጋ ልድረስ» ብለው ከተማ አቋርጠው አይሂዱ።

ቤቱ ፎቅ ላይ ሆኖ ሊፍት ከሌለው፣ በቀዶ ሕክምና ከወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሕፃኑ የከበደ ነገር ይዘው ደረጃ አይውጡ። ውኃ የሚያወጣ ሰው ከአሁኑ ይታሰብ።

ትልቁ ልጅ

ለሁለትና ለሦስት ዓመት ልጅ አዲስ ቤትና አዲስ ሕፃን በአንድ ወር ሲመጡ ብዙ ነው። አልጋው ላይ ሽንት መልቀቅ ወይም እንደ ሕፃን መሆን ሊጀምር ይችላል፤ አይቆጡት። አልጋውንና መጫወቻውን በመጀመሪያው ቀን ያዘጋጁለት፤ ከእናቱ አልጋ የሚለይ ከሆነም ሕፃኑ ከመምጣቱ ብዙ ቀደም ብሎ ወይም ከመጣ ብዙ ቆይቶ ይሁን። የበረንዳውን ብረት ክፍተት ሳይለኩ ግን ብቻውን አይተዉት።

ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀናት ውስጥ ነው፤ ምዝገባው ወላጆች ከሚኖሩበት ቦታ ጋር ስለሚያያዝ፣ ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ማውጣቱን ለኋላ አያቆዩት። ሕፃኑ የተወለደው ከመዛወርዎ በፊት ከሆነ ደግሞ የክትባት ካርዱ ከእናቱ ቦርሳ አይለይ። ሲወለድ የወሰደውን የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ ክትባት አዲሱ ጤና ጣቢያ የሚያውቀው በእሱ ነው፤ ቀጣዩ ቀጠሮ በ6 ሳምንቱ ሲሆን የትኛውም ጤና ጣቢያ ሊከትብልዎት ይችላል።