ሳማና ጎመንዘር በሶሌታ ላይ

ሳማ በስሜን ደጋ በየአጥሩ ጥግ፣ ከብት ባደረበትና ፍግ በበዛበት መሬት ሁሉ ይበቅላል። ሳይንሳዊ ስሙ «ኡርቲካ ሲሜንሲስ» የወጣለትም ከዚሁ ከስሜን ነው። ክረምት ገብቶ ጎተራ ሲጎድል ለጋ ቅጠሉ ይለቀማል፤ ሲቀቀል መለብለቡን ስለሚተው ወጥ ተሠርቶ በእንጀራ ይበላል። በካልሲየምና በብረት ማዕድን የበለጸገ ሆኖ ሳለ የችግር ቀን ምግብ ብቻ ተደርጎ መቆጠሩ ያሳዝናል።

ጎመንዘር የተሻለ ክብር አለው። ቅጠሉ ለወጥ፣ የተወቀጠው ዘሩ ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን መዳቀል የተገኘ መሆኑን ናጋሃሩ ዩ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1935 አሳይቷል።

በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል በተቆረቆረችው ጎንደር ቤት እየተጠጋጋ ጓሮ ሲጠብ፣ ለእነዚህ ተክሎች የሚቀረው ቦታ ወደ ላይ ነው። የቆርቆሮ ጣራ አፈር አይሸከምም። ለቀጣዩ ፎቅ ተብሎ ፌሮው እንደቆመ የቀረ ሶሌታ ግን፣ ባለቤቱ ከፈቀደና ጎረቤት ውኃ ለማጠጣት ተራ ከገባ፣ ለሠፈር አትክልት ይበቃል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ክብደት ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እርጥብ አፈር በካሬ ሜትር ከ300 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ብዙ የመኖሪያ ቤት ሶሌታ ግን የሚታነጸው ለ200 ኪሎ ገደማ ጭነት ነው። ስለዚህ መሐንዲስ ሳያየው አፈር አይወጣም። አፈሩ በብስባሽና በገለባ እንዲቀል ይደረጋል፤ ሶሌታው ላይ አይደፋም፣ ሥሩ በተበሳ ሳፋና ጆንያ ይሞላል እንጂ። ሳፋዎቹ ከተሸካሚ አምዶች አቅራቢያ በብሎኬት ላይ ይቀመጣሉ፤ ከሥራቸው ውኃ ከተኛ ሶሌታው ያፈሳል።

አፈር የማይሸከመው ቆርቆሮ በውኃ ይክሳል። 40 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የወረደ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 400 ሊትር፣ ማለትም 20 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ይደፋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በበርሜል ይጠራቀማል። ከተማ መሃል የሚያልፍ ወንዝ የቤት ፍሳሽ ስለሚቀላቀልበት ለቅጠላ ቅጠል አይመረጥም። ከጥቅምት በኋላ በርሜሉ ቶሎ ስለሚጎድል ጠዋትና ማታ ማጠጣትን የሚጠይቁ ተክሎች ክረምቱ ሳያልቅ ቢሰበሰቡ ይሻላል።

ጎመንዘር በሰኔ ይዘራል። ከታች ያሉት ቅጠሎች ብቻ እየተቀነጠሱ ከተወሰዱ ጫፉ ማቆጥቆጡን ይቀጥላል፤ ጥቂት እግር እንዲያብብ ተትቶ የሚቀጥለው ዓመት ዘር ይያዝበታል። አብሮት ሊተከል የሚችለው ጦስኝ በተፈጥሮው ድንጋያማ ደጋን የለመደ ስለሆነ ስስ አፈርና ፀሐይ ይበቃዋል፤ ጠርዝ ጠርዙ የእርሱ ነው። ሳማ ከነሥሩ ተነቅሎ ፍግ በበዛበት ሳፋ ይተከላል። ቦታው ሕፃናት ከማይደርሱበት ጥግ ሲሆን፣ ጓንት ተደርጎ የሚቆረጠው ሳያብብ ጫፍ ጫፉ ብቻ ነው።