ነሐሴ ላይ ዓሣ አልበዛም፤ ተሰበሰበ እንጂ

ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ጣና ዳር ለምንሠራ የዓሣ ባለሙያዎች ትልቁ ሥራ የዓሣ ሆድ መክፈት ነው። ማለዳ ጀልባውና ታንኳው ዳር ሲደርስ ከየአስጋሪው ጥቂት ዓሣ እንወስዳለን። ርዝመቱን በሰሌዳ፣ ክብደቱን በሚዛን ለክተን ሆዱን እንሰነጥቅና እንቁላሉ ምን ደረጃ ላይ እንደደረሰ እንመዘግባለን። በጋ ላይ የተከፈተች ነጭ ዓሣ ሆዷ ውስጥ ብዙም የሚታይ ነገር የለም። የነሐሴዋ ግን ቢላ እንኳ አያስፈልጋትም፤ ሆዷን በአውራ ጣት ጫን ሲሏት ቢጫ እንቁላል ይወጣል። ወንዱም እንደዚሁ ነጭ ፈሳሹን ይለቃል። ይህ ዓሣ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ወንዝ ሊወጣ የነበረ ነው።

የክረምቱ መውጫ ለጣና ልዩ ጊዜ ነው። ሐይቁ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀት የለውም፤ አማካዩ 8 ሜትር ገደማ፣ ጥልቁ 14 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ሲነሣ ውሃው እስከ ወለሉ ይናወጣል። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ከየተራራው ያጠቡትን አፈር ይዘው ሲገቡ የወንዞቹ አፍ አካባቢ ይደፈርሳል። በድፍርስ ውሃ ዓሣ መረቡን አያይም። አስጋሪው ወደ ወንዝ አፍ የሚሄደው ግን ከዚህ በበለጠ ምክንያት ነው፤ ዓሣው እዚያ እንደሚከማች አባቱም ያውቅ ነበር።

የጣና ነጭ ዓሣ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች እዚህ ሐይቅ ውስጥ 15 የሚያህሉ ዝርያዎችን ለይተዋል፤ አብዛኞቹ ሌላ የትም አይገኙም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻቸው ኖረው እዚሁ የተለያዩ ናቸው። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ተመሳሳይ የዝርያ ስብስብ ነበር፤ አብዛኛው ጠፍቷል። ከነዚህ የጣና ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ የሚራቡት ወንዝ ወጥተው ነው። ዝናቡ ሲበረታ ከመላው ሐይቅ ተነሥተው ወንዝ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ዋናውን ድፍርስ ወንዝ አቋርጠው ጠጠር ወዳለባቸው፣ ውሃቸው ቶሎ ወደሚጠራ ገባር ጅረቶች ይገባሉ። እንቁላሉ ጠጠሩ መካከል ገብቶ የሚፈለፈለው ንጹሕና አየር የሞላበት ውሃ ሲፈስበት ነው። ደለል ከሸፈነው ታፍኖ ይቀራል።

ስለዚህ በነሐሴ ወንዝ አፍ ላይ መረብ የጣለ ሰው የሚያነሣው የአንድ ቦታን ዓሣ አይደለም፤ ከሐይቁ ሁሉ የመጣውን ወላጅ ነው። መረቡ ሞልቶ ሲወጣ «ዘንድሮ ዓሣ በዛ» ይባላል። አልበዛም፤ ተሰበሰበ እንጂ። ገበሬ ረኃብ ቢጸናበት እንኳ ለዘር ያስቀመጠውን እህል የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው፤ እኛ ግን ጣና ላይ መጀመሪያ የምናነሣው የዘሩን ነው።

ይህን ስነግራቸው አስጋሪዎቹ የሚመልሱልኝ መልስ ሁሌም አንድ ነው፤ «እኔ ብተወው ማዶ ያለው ያነሣው የለም ወይ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። አንዱ ብቻውን ቢታቀብ ዓሣው አይተርፍም፤ የራሱ ልጆች ጦማቸውን ያድራሉ እንጂ። ሕግ ሳይኖር ቀርቶም አይደለም፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በዝናብ ሌሊት ጉማራ አፍ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ግን ብዙ አይታይም። በዚያ ላይ ገበያው ይገፋፋል። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ይገባል። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ በጾም ዓሣ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው። ፈላጊው የሚበዛውና ነጭ ዓሣው ሊራባ የሚወጣው በአንድ ወር ነው።

ውጤቱም በመዝገብ ላይ አለ። ሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ ጣና ላይ የገቡት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነበር። በደቡባዊው የሐይቁ ክፍል በ1980ዎቹ አጋማሽና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተደረጉ ናሙናዎች ሲነጻጸሩ የነጭ ዓሣው ክብደት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል፤ የጫጩቶቹ ቅነሳ ከዚያም የባሰ ነበር። ቆሮሶ (ቲላፒያ) የተሻለ ይችላል፤ እናቲቱ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ስለምታሳድግ ወንዝ መውጣት አያስፈልጋትም። ነጭ ዓሣ ግን ትልልቁ ዝርያ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው።

እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ከታየ ወዲህ ስለ ጣና ሲወራ የሚነሣው እሱ ብቻ ሆኗል። እምቦጩ ችግር መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ጉማራና ርብ ላይ አሸዋና ጠጠር ሲጫን፣ ዓሣ ለማደንዘዝ ጅረት ላይ ብርብራ ተወቅጦ ሲበተን፣ ወንዙ በግድብ ሲቆም የሚጠፋው የዓሣው መውለጃ ነው። ይህ ከዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታይም፤ ዘመቻም አይወጣለትም።

መፍትሔው ሐይቁን ሁሉ መዝጋት አይደለም። ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም የወንዞቹ አፍና ገባሮቹ ብቻ ለሁሉም እኩል ይዘጉ፤ አስጋሪው ሐይቁ ላይ በሰፊ ዓይን መረብ ቆሮሶ ይያዝ፤ ጥበቃውም ለራሱ ለአስጋሪው ማኅበር ከነበጀቱ ይሰጥ። እርስዎም በእነዚህ ወራት ባሕር ዳር ዓሣ ሲገዙ ፊሌቶው የምን ዓሣ እንደሆነ ይጠይቁ። ነጭ ዓሣ ከሆነ ይተዉትና ቆሮሶ ያዝዙ፤ ነጩን ከኅዳር በኋላ ይበሉታል።