ደብዳቤው ወረፋ ላይ ነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመመረቂያ ዓመቱ ላይ የነበረ አንድ ተማሪያችን ለነፃ የትምህርት ዕድል ያዘጋጀውን ማመልከቻ ውጭ አገር ለሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ማታ ከ3 ሰዓት ከ40 ላይ በኢ-ሜይል ላከ። ማመልከቻ መቀበያው የሚዘጋው በማግሥቱ ነበር። ከአራት ሰዓት በኋላ ላኪው «ሜይለር ዲመን» የተባለ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልስ ደረሰው። ተማሪው መልሱን እስከ መጨረሻው ሳያነብ ማመልከቻውን ደግሞ ላከ፤ አሁንም ላከ። ሌሊቱን ሲልክ አድሮ፣ ሰባት ጊዜ ከላከ በኋላ ተስፋ ቆርጦ በጠዋት ወደ ቢሯችን መጣ። የመጣለትን ማስታወቂያ አብረን ስናነበው፣ በትልልቅ ፊደላት «ይህ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ መልእክትዎን ደግመው መላክ አያስፈልግዎትም» ይላል።

በዚህ ጽሑፍ ይህ ማስታወቂያ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚነበብ ለማስረዳት እንሞክራለን። አስቀድመን ግን ስለ ላኪው ስም ጥቂት እንበል፤ የፊዚክስ ተማሪ ይህን ስም ያውቀዋልና። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1867 ባቀረበው የሐሳብ ሙከራ፣ ጋዝ በያዙ ሁለት ክፍሎች መካከል ካለች ትንሽ በር ላይ ቆሞ ፈጣኑን ሞለኪውል ከዘገምተኛው እየለየ የሚያሳልፍ ፍጡር አለ። ይህ ፍጡር በኋላ «የማክስዌል ዲመን» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች፣ ከተጠቃሚው ዓይን ተሰውሮ ያለማቋረጥ የሚሠራን ፕሮግራም በዚሁ ፍጡር ስም ጠሩት። ሜይለር ዲመንም በር ላይ ቆሞ ደብዳቤ የሚያሳልፍ ትጉህ ሠራተኛ ነው።

ኢ-ሜይል ከላኪው ኮምፒዩተር ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ተቀባዩ ኮምፒዩተር የሚበር ይመስለናል። እንዲያ አይደለም። በአገራችን ደብዳቤ ቤት ለቤት ከመታደል ይልቅ ለረጅም ዘመን በፖስታ ሣጥን ቁጥር ሲገባ ኖሯል፤ ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ ሄዶ ያወጣዋል። የኢ-ሜይል አሠራርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የጻፍነው መልእክት መጀመሪያ የሚሄደው ሰርቨር ወደምንለው የራሳችን ተቋም አገልጋይ ኮምፒዩተር ነው። ሰርቨሩ በአድራሻው ውስጥ «አት» ከምንለው ምልክት በኋላ ያለውን ስም ወስዶ፣ ለዚያ ተቋም ደብዳቤ የሚቀበለው ማሽን የትኛው እንደሆነ የኢንተርኔትን የስም መዝገብ ይጠይቃል። መልሱን ሲያገኝ ያንን ማሽን በ25ኛው ፖርት ያንኳኳል፤ ሁለቱ ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ላኪው «ከእገሌ ነው፣ ለእገሌ ነው፣ ይኸውልህ» እያለ ደብዳቤውን ያስረክባል።

የዚህን ንግግር ደንብ ጆን ፖስተል እ.ኤ.አ. በ1982 ጽፎት፣ በየጊዜው እየታደሰ እ.ኤ.አ. በ2008 እንደገና ወጥቷል። በደንቡ መሠረት ተቀባዩ ማሽን ለእያንዳንዱ ቃል ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ይመልሳል፤ ትልቁ ቁም ነገር ያለውም በመጀመሪያው አኃዝ ላይ ነው። በ2 የሚጀምር ቁጥር «እሺ» ማለት ነው፤ በ3 የሚጀምር «ቀጥል»፤ በ4 የሚጀምር «አሁን አልችልም፣ ቆይተህ ሞክር»፤ በ5 የሚጀምር «አይሆንም፣ በዚሁ ይብቃህ»። ለምሳሌ 550 ሲመጣ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ሣጥን የለም ማለት ነው፤ 421 ደግሞ አገልግሎቱን ለጊዜው አቋርጫለሁ ማለት ነው። በነጥብ የተለያዩ ሌሎች ሦስት ቁጥሮችም ይከተሉ ይሆናል። 4.4.1 ማሽኑ መልስ አልሰጠም፣ 4.2.2 ሣጥኑ ሞልቷል፣ 5.1.1 አድራሻው ስሕተት ነው ይላሉ። አንድ ሰው ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ ቢባል፣ 4ን ከ5 መለየትን እንመርጥለታለን።

4 የተመለሰለት ሰርቨር ደብዳቤውን አይጥለውም፤ ወረፋ ውስጥ ያስገባዋል። ደንቡ በሁለት ሙከራዎች መካከል ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲጠበቅ፣ ተስፋ ከመቁረጥ በፊትም ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን እንዲሞከር ይመክራል። አርብ ማታ የተበላሸ ማሽን ሰኞ ጠግነውት እስኪነሣ ድረስ ይህ ይበቃል። ሴንድሜይል የተባለው አንጋፋ ፕሮግራም በተለመደው አሠራሩ ከ4 ሰዓት በኋላ ለላኪው ማስጠንቀቂያ ይልካል፤ ደብዳቤውን መልሶ የሚሰጠው ግን ከ5 ቀን በኋላ ነው። ተማሪያችንን ያስደነገጠው ማስጠንቀቂያ ይኸው ነው። እንዲህ ያለው ትዕግሥት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የኢንተርኔት አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት፣ በአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ ኢ-ሜይሎችን አጠራቅሞ በስልክ መስመር ይልክ ነበር፤ የዚያን ጊዜው ተጠቃሚ መልስ በማግሥቱ ቢመጣ አይደነግጥም።

የጊዜያዊ መሰናክሉ ምክንያት ብዙ ነው። መብራት ይጠፋል፤ የስም መዝገቡ አይመልስም፤ ሣጥን ይሞላል። አንዳንዴም ተቀባዩ ማሽን ሆን ብሎ «ቆይተህ ና» ይላል። ኢቫን ሃሪስ የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2003 ባቀረበው ዘዴ፣ ሰርቨሩ ከማያውቀው ላኪ የመጣን ደብዳቤ በመጀመሪያ በ4 ይመልሳል፤ ላኪው ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ተመልሶ ከመጣ ይቀበለዋል። ያልተፈለገ ማስታወቂያ በሚሊዮን የሚረጩ ፕሮግራሞች ያን ጊዜ ተመልሰው የመሞከር ልማድ አልነበራቸውምና፣ ትዕግሥት ራሱ የጨዋነት ምስክር ሆነ። ከአዲስ አድራሻ የተላከ የመጀመሪያ ደብዳቤ ያለ ምንም ብልሽት ሊዘገይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለእኛ ለፊዚክስ ሰዎች ከሁሉ የሚጥመን ግን የመጠበቂያ ጊዜ ጉዳይ ነው። ትሬይ ሃሪስ የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሰራጨው ትረካ፣ በሰሜን ካሮላይና በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ የስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ደውለው «ከ500 ማይል በላይ ኢ-ሜይል መላክ አልቻልንም» እንዳሉት ይናገራል። ሃሪስ አላመነም፤ ራሱ ሞከረው። 420 ማይል ወደሚርቀው ኒው ዮርክ ደረሰ፤ 580 ማይል ወደሚርቀው ፕሮቪደንስ አልደረሰም። ለካስ አንድ ባለሙያ ሰርቨሩን ሲያድስ ሳያውቅ የሴንድሜይልን አሮጌ ቅጂ መልሶበት ኖሯል። አሮጌው ፕሮግራም ለአዲሱ የተጻፈውን መመሪያ ማንበብ ስላቃተው፣ የመጠበቂያ ጊዜውን ዜሮ አድርጎ ይዞታል። በተግባር ዜሮ ማለት 3 ሺሕኛ ሰከንድ ያህል ሆነ። ብርሃን በ3 ሺሕኛ ሰከንድ 900 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 560 ማይል ገደማ ይጓዛል።

አንባቢ ወዲያው አንድ ጥያቄ ማንሣት ይገባዋል። ምልክቱ ሄዶ መመለስ አለበት፤ በኦፕቲካል ፋይበር ውስጥ ያለው ፍጥነትም በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ርቀቱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር መውረድ ነበረበት። ትክክል ነው። ሃሪስም ትረካውን ለማጣፈጥ ጥቂት እንደለዋወጠው አስቀድሞ ተናግሯል። ይሁን እንጂ ቁም ነገሩ አይፈርስም፤ ሰርቨር መልስ ምን ያህል መጠበቅ እንዳለበት ካላወቀ፣ ጤነኛውን መንገድ ሁሉ የተበላሸ ያስመስለዋል። በደንቡ ለመጀመሪያው ሰላምታ የሚሰጠው ጊዜ 5 ደቂቃ ነው። 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለ ሳተላይት በኩል አንድ ጥያቄና መልስ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጃልና፣ 5 ደቂቃ ይህን ሁሉ ይችላል።

እንግዲህ ማስታወቂያው ሲመጣ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ቁጥሩን እናንብብ። 5 ከሆነ አድራሻውን ፊደል በፊደል እናጣራ፤ መጠበቅ አይጠቅምም። 4 ከሆነ ደብዳቤው ወረፋ ላይ ነው፤ ደግሞ መላክ ወረፋውን ከማርዘም በቀር የሚያፋጥነው ነገር የለም። ጥፋቱ በማን በኩል እንደሆነ ለማወቅ ለሌላ ተቋም አጭር መልእክት እንላክ፤ እርሱም ከቆመ ችግሩ በእኛ ሰርቨር ወይም መስመር ሳይሆን አይቀርም። ማስታወቂያ ሳይመጣ መልእክቱ በራሳችን ኮምፒዩተር መውጫ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ከተገኘ ደግሞ ጉዞው ገና አልተጀመረም።

የአባሪውንም መጠን ማየት ይበጃል። አባሪ ፋይል ለጉዞ ሲዘጋጅ በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ሦስት ባይት በአራት ፊደል ይተካል፤ 9 ሜጋባይት የነበረው 12 ሜጋባይት ይሆናል። ርክክቡ መሐል ላይ መስመር ቢቋረጥ ከተቋረጠበት አይቀጥልም፤ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ሃያ ገጽ የትምህርት ማስረጃ በትልቅ ጥራት ስካን አድርጎ በደካማ መስመር የሚልክ ተማሪ ይህን ያስብ።

ወደ ተማሪያችን እንመለስ። ቁጥሩ 4.2.2 ነበር፤ የማመልከቻ ክፍሉ ሣጥን በመጨረሻው ቀን ጥድፊያ ሞልቷል። ሰባቱ ቅጂዎችም ደጅ ቆመው ቦታ ይጠብቃሉ። ስልክ ደወልን፤ የክፍሉ ሠራተኛ ሣጥኑን እንደሚያጸዱ ነገሩን፤ ከቀትር በኋላ ሰባቱም ተከታትለው ገቡ። የትኛው በሰዓቱ ተላከ የሚለውን ለመለየትም አልተቸገሩም። ማንኛውም ሰርቨር ደብዳቤ ሲረከብ አናቱ ላይ ቀንና ሰዓት ይጽፍበታል፤ መስመሮቹ የሚነበቡት ከታች ወደ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቅጂ ግርጌ 21:40 ከሚለው ቀጥሎ +0300 የሚል ይታያል፤ የአዲስ አበባ ሰዓት ከግሪኒች በ3 ሰዓት ይቀድማል ማለት ነው። ማታ 3 ሰዓት ከ40 መሆኑ ነው። ክፍሉ ስድስቱን ሰርዞ ያንን አንዱን መዘገበ።