የአሮጌው ቮልስ ካምቢዮ፦ ጉድለቱን መለየትና መጠገን

በኢትዮጵያ ቮልስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የጀርመኑ ቮልስዋገን ሞተሩን በስተኋላ የተሸከመ፣ የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ካምቢዮ ደግሞ ከሞተሩ ፊት፣ በኋላ ጎማዎቹ መካከል የተቀመጠበት መኪና ነው። በፈርዲናንድ ፖርሸ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ተነድፎ፣ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮዋ ፑዌብላ ከፋብሪካ እስኪወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ በአዲስ አበባም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ የብዙ ቤተሰብ መኪና ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚሁ መኪና ነበር። ዛሬም በመንገድ ላይ ከሚታዩት ብዙዎቹ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያገለገሉ በመሆናቸው፣ ማርሽ አልገባ ማለት፣ ሲገባ መንጫጨት ወይም ከገባ በኋላ ተመልሶ መውጣት የተለመዱ ችግሮቻቸው ናቸው። ይሁንና ከእነዚህ ችግሮች ብዙዎቹ መነሻቸው ከካምቢዮው ውጭ ነው፤ ይህን ሳያጣሩ ካምቢዮውን መፍታት ደግሞ ገንዘብ ከማባከን አልፎ ጤነኛውን ዕቃ ሊያበላሽ ይችላል።

ሞተር ጉልበት የሚሰጠው በተወሰነ ፍጥነት ሲሽከረከር ብቻ ስለሆነ፣ መኪናው ከቆመበት ሲነሣም ሆነ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ብዙ፣ ጎማው ግን ጥቂት እንዲዞር የሚያደርግ መካከለኛ ያስፈልጋል፤ የካምቢዮ ሥራም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተሠሩት የተለመዱ ሞዴሎች የአንደኛ ማርሽ ምጣኔ 3.80፣ የአራተኛው 0.89 ሲሆን፣ ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል በበኩሉ በ4.375 ያባዛዋል። በዚህ ስሌት ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ በአንደኛ ማርሽ ወደ 17 ጊዜ፣ በአራተኛ ማርሽ ግን ወደ 4 ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ዘይት የሚሠሩ ሲሆን፣ ቤቱም የተሠራው እጅግ ቀላል ከሆነው የማግኒዚየም ቅይጥ ነው።

በውስጡ ሁለት ዋና ዘንጎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ከሞተሩ ጉልበት የሚቀበል፣ ሁለተኛው ደግሞ ለዲፈረንሻሉ የሚያስረክብ ነው። የፊት ማርሾች ጥርሶች ሁልጊዜ እንደተናከሱ ስለሚዞሩ፣ አሽከርካሪው ማርሽ አስገባ ሲባል ጥርስን ከጥርስ አገናኘ ማለት ሳይሆን፣ ከሚዞሩት አንዱን ከዘንጉ ጋር አቆራኘ ማለት ነው። ይህ ቁርኝት ያለ ጩኸት እንዲፈጸም ሁለቱ አካላት አስቀድመው በእኩል ፍጥነት መዞር አለባቸው፤ ይህን የሚያደርገው ሲንክሮናይዘር የሚባለው ክፍል ነው። ዋናው አካሉ ውስጡ እንደ ሾጣጣ ቆብ የጠበበ ስስ የነሐስ ቀለበት ሲሆን፣ ማርሹ ሊገባ ሲል ቀለበቱ በጥርሱ አንገት ላይ ተጭኖ በሰበቃ ፍጥነቱን ያስተካክልና መንገዱን ይከፍታል። እ.ኤ.አ. እስከ 1952 መጸው ድረስ የተሠሩት ቮልሶች ሲንክሮናይዘር ጨርሶ አልነበራቸውም፤ ከዚያ ወዲህ በተሻለው ሞዴል ላይ ከሁለተኛ እስከ አራተኛ፣ ከ1961 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ በአንደኛውም ላይ ተጨመረ። የኋላ ማርሽ ግን ምን ጊዜም ሲንክሮናይዘር ኖሮት አያውቅም፤ ይህም ከዚህ በታች እንደሚታየው ለምርመራ እጅግ ይጠቅማል።

ምርመራው መጀመር ያለበት ከፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮን ቮላኖ ከሚባለው የሞተሩ ከባድ ተሽከርካሪ ክብ ጋር ተጣብቆ የሚዞር ዲስክ ሲሆን፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ተላቅቆ ሞተሩን ከካምቢዮው ይለያል። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ጥቂት ሰከንድ ከተጠበቀ በኋላ የኋላ ማርሽ ሲገባ፣ በካምቢዮው ውስጥ የሚዞረው ዘንግ በዚያ ጊዜ ቆሞ ሊሆን ስለሚገባው፣ ምንም ጩኸት መሰማት የለበትም። ከተንጫጨ ዘንጉ አልቆመም፣ ፍሪሲዮኑም በሙሉ አልተላቀቀም ማለት ስለሆነ፣ ካምቢዮውን ከመጠርጠር አስቀድሞ የፔዳሉን የብረት ገመድ ማየት ይገባል። ፔዳሉ መሥራት ከመጀመሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል በባዶው መሄድ ያለበት ሲሆን፣ ከዚህ ከበለጠ ፍሪሲዮኑ አይላቀቅም፤ ካነሰ ደግሞ ዲስኩ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። ማስተካከያው ከካምቢዮው በስተግራ፣ በገመዱ ጫፍ ላይ ያለች ክንፍ መሰል ብሎን ናት። ከተስተካከለ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ መልሶ የሚላላ ከሆነ ገመዱ ክር በክር እየተበጠሰ ነውና ሳይውል ሳያድር መለወጥ አለበት።

ሁለተኛው የምርመራ ስፍራ እጀታውን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው መስመር ነው፤ በቮልስ ላይ ከሁሉ የበለጠ ስሕተት የሚፈጸመውም እዚህ ላይ ነው። ካምቢዮው ከአሽከርካሪው ርቆ ከኋላ ስላለ፣ የእጁን እንቅስቃሴ የሚያደርሰው በወለሉ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ የተጋደመ ረጅም ዘንግ ነው። ዘንጉ በፊት በኩል በትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት ላይ ይንሸራተታል፤ በኋላ በኩል ደግሞ ከኋላ መቀመጫው ሥር ባለች ትንሽ ክዳን በኩል በሚታይ፣ ጎማ በተገጠመለት መጋጠሚያ ከካምቢዮው ጋር ይያያዛል። የፕላስቲኩ ቀለበት ሲሰባበር እጀታው እየተንቀጠቀጠ ይንጫጫል፤ የመጋጠሚያው ጎማ ሲያልቅ ወይም ብሎኑ ሲላላ ደግሞ እጀታው ሙሉ መንገዱን ቢሄድም ካምቢዮው ውስጥ ያለው ሹካ ግማሽ መንገድ ብቻ ስለሚሄድ፣ አንደኛ ማርሽ ወይም የኋላ ማርሽ ይጠፋል፣ ሌላውም በግማሽ ገብቶ ጉልበት ሲመጣበት ይወጣል። በዚህች እፍኝ በማትሞላ መጋጠሚያ ምክንያት ጤነኛ ካምቢዮ አውርዶ መበተን በእውነት የሚያሳዝን ነው፤ ክዳኗን ከፍቶ ለማየት ጥቂት ደቂቃ ይበቃልና።

ከዚህ ቀጥሎ ካምቢዮውን ከሻንሲው ጋር የሚይዙት ጎሚኒዎች ይታያሉ። ጎሚኒዎቹ በዘይትና በዕድሜ ሲበሰብሱ ሞተሩና ካምቢዮው ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛሉ፣ ረጅሙ ዘንግ ግን ባለበት ስለሚቀር ማርሹን ጎትቶ ያስወጣዋል። መኪናው ሲነሣ የሚንዘፈዘፈውም አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሌላው ምክንያት በፍሪሲዮኑ ዲስክ ላይ የፈሰሰ ዘይት ሲሆን፣ ዘይቱ ከየት እንደመጣ ሽታው ይነግራል። የካምቢዮ ዘይት ድኝ ድኝ የሚል የከረረ ሽታ አለው፤ የሞተር ዘይት ግን የለውም፤ ስለዚህ የየትኛው ዘይት ማገጃ እንደተበላሸ ገና ዕቃው ሳይፈታ መለየት ይቻላል።

ድምፅም የራሱ ምስክርነት አለው። መኪናው ቆሞ በዜሮ ማርሽ ሞተሩ ሲሠራ የሚሰማ እሮሮ ፔዳሉ ሲረገጥ ከጠፋ፣ ጥርጣሬው በካምቢዮው ተቀባይ ዘንግ ኩሽኔታ ላይ ያርፋል፤ በተቃራኒው ሲረገጥ የሚጀምር ከሆነ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ አልቋል፣ ይህም ብዙ ጊዜ እግራቸውን ከፔዳሉ ላይ የማያነሡ አሽከርካሪዎች የሚያመጡት ጉዳት ነው። በአንድ ማርሽ ብቻ የሚሰማ ድምፅ የዚያን ማርሽ ጥርሶች፣ በሁሉም ማርሽ የሚሰማና ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ቃናው የሚለዋወጥ ድምፅ ደግሞ ዲፈረንሻሉን ያመለክታል።

ሲንክሮናይዘሩ ማለቁ የሚታወቀው በኋላ ማርሽ የተደረገው ፈተና ያለ ጩኸት አልፎ፣ በጉዞ ላይ ግን አንድ የተወሰነ ማርሽ፣ በተለይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲወረድ፣ የሚንጫጫ ከሆነ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ከተማ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ ከጉልበቱ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ያጣል፤ ስለዚህ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ቮልስ በዝቅተኛ ማርሾች ላይ መደገፉ፣ የሁለተኛ ማርሽ ቀለበትም ቶሎ መድከሙ የሚጠበቅ ነው። ቀለበቱ እስኪለወጥ ድረስ የሚረዳው ሲንክሮናይዘር በሌለበት ዘመን የነበረው ልማድ ነው፦ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ዜሮ ማድረግ፣ ፔዳሉን ለቅቆ ነዳጅ ጥቂት መስጠት፣ ከዚያ እንደገና ረግጦ ዝቅተኛውን ማርሽ ማስገባት።

ካምቢዮውን ለመፍታት የተወሰነ እንደሆነ አስቀድሞ ዘይቱ ይቀዳል፤ የወጣው ዘይትም በጥንቃቄ መታየት አለበት። በማግኔታማው መዝጊያ ላይ የተጋገረ ደቃቅ ግራጫ ብናኝ የተለመደ ሲሆን፣ ወርቃማ ብልጭታ የነሐስ ቀለበቶቹን ማለቅ፣ በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ደግሞ የጥርስ መሰበርን ያሳያል። ሞተሩ በአራት ብሎኖች ብቻ የተያያዘ ስለሆነ ማውረዱ ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ሥራ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የማግኒዚየሙ ቤት ለመዶሻ የሚሆን አይደለም፤ ኩሽኔታዎቹ የሚወጡትና የሚገቡት ቤቱ በመጠኑ ሞቆ ሲሰፋ ነው። የነሐስ ቀለበቱ በጥርሱ አንገት ላይ ተጭኖ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት ይለካል፤ ወደ 0.6 ሚሊ ሜትር ከወረደ ቀለበቱ አብቅቷል። ከሁሉ የሚያስቸግረው የዲፈረንሻሉ ጥርሶች አቀማመጥ ነው፤ ሁለቱ ጥርሶች በፋብሪካ ተጣምረው በአንድ ቁጥር የተመዘገቡ ስለሆኑ፣ የአንዱን መኪና ከሌላው ማዳቀል አይቻልም፤ በመካከላቸው ያለው ልቀትም በስስ ማመጣጠኛ ቀለበቶች ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ባለው ልክ ውስጥ መያዝ አለበት። ይህ በዓይን ግምት የሚሠራ አይደለም፤ መለኪያውና ልምዱ የሌለው ጋራዥ ሥራውን ላለው ቢያስተላልፍ ለባለ መኪናውም ለራሱም ክብር ነው።

ተገጥሞ ሲያበቃ የሚሞላው ዘይት ውፍረቱ 90፣ ደረጃው ጂኤል 4 የሆነው ነው፤ ጂኤል 5 በሚባለው ውስጥ ያሉት የድኝ ውህዶች አንዳንዶቹ ነሐስን ስለሚጎዱ ባይጨመር ይመረጣል። ሙሉ በሙሉ የተፈታ ካምቢዮ 3 ሊትር፣ ዘይት ብቻ ሲለወጥ ደግሞ 2.5 ሊትር ይወስዳል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ ዘይቱ በጎኑ ባለው ቀዳዳ ቀስ ብሎ መፍሰስ አለበት፤ ወፍራም በመሆኑ ወደ ውስጥ እስኪሰርግ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ተቻኩሎ የሚሞላ ሰው ገና ግማሹ ሳይገባ ከቀዳዳው ሲገነፍል አይቶ ሞልቷል ብሎ ይዘጋዋል። ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ፣ ደግሞ ጨምሮ፣ ዘይቱ በቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ ልክ ሲቆም መዝጋት ነው።