ጽጌረዳን በመኖሪያ ግቢ መትከልና መንከባከብ

ጽጌረዳ ለደጋና ለወይና ደጋ አካባቢ የሚስማማ፣ በአግባቡ ከተያዘ ለብዙ ዓመታት የሚያብብ ተክል ነው። ሆኖም ዋልካ አፈር ባለበት ግቢ የተተከለ ጽጌረዳ ክረምቱን ሳይሻገር ሲደርቅ ይስተዋላል። ምክንያቱ ጥማት አይደለም። ዋልካ ውኃ አቁሮ ስለሚይዝ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ተካዩ የጠማው መስሎት ውኃ ይጨምርበታል፤ ጉዳቱም ይፋጠናል። በመሆኑም እንዲህ ባለው ቦታ መደቡን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግና የውኃ መውረጃ ቦይ ማበጀት ከሁሉ ይቀድማል።

ለተከላ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይመረጣል። ጉድጓዱ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ አፈሩ በሚገባ ከበሰለ ብስባሽ ጋር ይደባለቃል፤ ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል።

ውኃው ጠዋት ከግንዱ ሥር እንጂ በቅጠሉ ላይ ሊፈስ አይገባም። እርጥብ ሆኖ የሚያድር ቅጠል ለጥቁር ነጠብጣብ በሽታ ይጋለጣልና። የታመሙ ቅጠሎች ተለቅመው ከግቢ ይወገዳሉ።

መግረዝን ብዙዎች ይፈሩታል፤ ተክሉ ግን በሚገባ የሚያብበው ሲገረዝ ነው። የደረቁና እርስ በርስ የሚፋተጉ ቅርንጫፎች ወደ ውጭ ከሚያይ ቡቃያ ጥቂት ከፍ ብሎ በስለታም መቀስ ይቆረጣሉ።

ክሽክሽ ሲታይ በውኃ ግፊት ማጠብ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከማሳ የተረፈ ፀረ ተባይ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ መርጨት፣ ይባስ ብሎም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥ፣ ለመመረዝ አደጋ ይዳርጋል። ችግሩ ከቀጠለ የተጎዳውን ቅጠል ይዞ በአቅራቢያ ወደሚገኝ የግብርና ጽሕፈት ቤት መቅረብ ይቻላል።