ከበሮው እስኪገባ መታገሥ

የለንደኑ ሆርኒማን ሙዚየም ባልደረባ የነበረችው ጂን ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አገራችን መጥታ የቀረጸችው የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ በዩኔስኮ የአፍሪካ ሙዚቃ ስብስብ ውስጥ በሸክላ ወጥቷል። ሽፋኑ «የኮፕት» ማለቱ ቅር ያሰኛል፤ ዜማው ግን የራሳችን ነው። የሸክላ አንዱ ገጽ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም፣ ማኅሌት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል። ስለዚህ በሸክላ የሚደርሰን ቅንጫቢው ነው።

እኔ የአብነት ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩ፣ በጆሮዬ ብቻ የምከተል ሰው ነኝ። እንደኔ ላለ ጀማሪ ቁልፉ ያው አንዱ ቃል ደጋግሞ መዜሙን ማወቅ ነው። መሪጌታው ይመራል፣ በግራና በቀኝ የተሰለፉት ሊቃውንት እየተቀባበሉ ያነሡታል። መጀመሪያ ቁም ነው፤ ድምፅ ብቻ። ቀጥሎ ዝማሜ፣ በመቋሚያ። ከዚያ በመረግዱ ጸናጽልና ከበሮ ይገባሉ። መሬት ላይ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ሲመታ የቆየው ከበሮ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ መቺውም ወገቡን እየሰበቀ ወደፊት ወደኋላ ይላል። በመጨረሻ ጽፋቱ ከጭብጨባው ጋር ይፈጥናል።

በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጁት ምልክት ከዜማው መጽሐፍ ከድጓው ፊደል በላይ ተጽፎ ዜማውን ያስታውሳል። የእግሩና የከበሮው ነገር ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ አቋቋም ይባላል፣ የጎንደሯ በአታ የምትታወቅበት።

ዛሬ በስልክ የሚሰማው ብዙ ሰው ዘሎ ወረቡ ላይ፣ ከበሮና ጸናጽሉ ያለበት ዜማ ላይ ይደርሳል። አልወደውም። ቁሙን ያልታገሠ ጆሮ ከበሮው ሲገባ ምን እንደተለወጠ አያውቅም፤ ጭፈራ ብቻ ይመስለዋል።

ቀረጻ የማይችለው ዝማሜውን ነው። መቋሚያው ከፍ ዝቅ ሲል፣ ሰልፉ በአንድነት ሲያጎነብስ ማይክሮፎን አያነሣውም። ለዚያ ጥር 14 ለ15 አጥቢያ ወደ አዲስ አበባው ቂርቆስ፣ ጥር 21 ለ22 አጥቢያ ወደ ኡራኤል መሄድ ነው። በ2017 ዓ.ም. በመልሶ ማልማት ከካዛንቺስ ተነሥቶ ወደ ከተማው ጫፍ የተዛወረ ሰው፣ በዚያ ሌሊት ታክሲ ካጣ፣ ሸክላው ወይም ስልኩ መታገሻ ይሆነዋል፤ ከቁሙ ከጀመረ።